የፒልሱን የሩዝ እጣቢ

በደቡብ ኮሪያ፣ በዮጁ ገጠር ሩዝ የማይዘራ ሰው የለም። በሩዝ እጣቢ የሚመጻደቅ ሰው ግን ከፒልሱን በቀር አይገኝም። ፒልሱን ሩዟን ስታጥብ የመጀመሪያውን ውሃ ትደፋዋለች፣ አቧራና እብቅ ነው። ሁለተኛውን፣ ያንን ወተት የመሰለውን፣ በብረት ሳህን አጠራቅማ ጓሮ ከቧንቧው አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ታሳድረዋለች። ጠዋት ኮምጠጥ ብሎ ይጠብቃታል። ፊቷን በእሱ ትታጠብና ሳታለቃልቀው በነፋስ ታደርቀዋለች። ስድሳን ካለፈች ቆይታለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ፀሐይ ላይ ጎንበስ ብላ ኖራለች፣ ጉንጯ ግን ዛሬም እንደ ልጃገረድ ለስላሳ ነው። ምስጢሩን የሚጠይቃት ሰው ካገኘች ደግሞ ቀኑ መሸ ማለት ነው። ቆዳ ያለሰልሳል፣ ማድያት ያደበዝዛል፣ የተቃጠለ ያበርዳል፣ ድርቀት ያስታግሳል እያለች ትዘረዝርለታለች። የሴኡል ሴቶች በሚያምር ጠርሙስ እየገዙ የሚቀቡት ይሄንኑ የኔን እጣቢ ነው ትላለች፤ በዚህ እንኳን ብዙም አልተሳሳተች።

አንድ ችግሩ ሽታው ነው። ይከረፋል። ልጇ ናሬ ከልጅነቷ ጀምሮ አፍንጫዋን ይዛ ስታማርር፣ ፒልሱን ሁሌም አንድ መልስ ነበራት፦ «ሽታው ነው ጉልበቱ። ቻይው።»

ናሬ የፊታችን ቅዳሜ ልታገባ ነው። ሴኡል ነው የምትሠራው፤ ለሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ግን እናቷ ጎትታ አምጥታታለች። ሙሽራ ፊቷን በእጣቢ ሳትታጠብ ከዚህ ቤት አትወጣም ብላ ምላ ነበርና ጠዋት ጠዋት «ታጠብሽ?» እያለች ትጠይቃታለች። ልጅቷም «ታጠብኩ እማ፣ እንዴት እንደለሰለሰ አታይም?» ብላ ጉንጯን ትሰጣታለች። ፒልሱንም ትዳብሳትና ደስ ይላታል።

ያን ቀን ጠዋትም እንደዚያው ሆነ። ናሬ የሠርግ ልብሷን ለመጨረሻ ጊዜ ልትለካ ወደ ሴኡል ልትሄድ ነበርና ትጣደፋለች። ፒልሱን ከኩሽና ሆና ውሃው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ፣ እንዳታለቃልቀውም ጮክ ብላ ነገረቻት። ትንሽ ቆይቶ «ታጠብኩ! ዛሬስ ሽታው ገደለኝ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ በሩ ተዘጋ፣ የመንደሩ አውቶቡስም ሲያልፍ ተሰማ።

ባሏ ታክሱ ከጎረቤት በትንሿ ጭነት መኪናው የችግኝ ሳጥን ጭኖ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ወቅቱ የዘር ነበር። ትልቁ ቀይ ገንዳ ዘር እንደሞላ ጓሮ መሐል ተቀምጧል፤ ዘሩ መሬት ከመግባቱ በፊት ሻጋታ እንዳይበላው መድኃኒት ውስጥ ማደር አለበት። ታክሱ እስከ ክርኑ የሚደርሰውን የጎማ ጓንት እያጠለቀ ወደ ቧንቧው ሄደና ቆመ።

«እዚህ የነበረውን ማን ነው የደፋው?»

ፒልሱን ከኩሽና ብቅ አለች። የምን ነገር እንደሆነ ጠየቀችው። ታክሱ መድኃኒቱን ገንዳው ውስጥ ከመገልበጡ በፊት በትንሽ ውሃ በጥብጦት እንደነበር፣ ሌላ ዕቃ አጥቶ የእሷን ሳህን እንደወሰደ፣ ጎረቤት ስለጠራው ድንጋዩ ላይ ትቶት እንደሄደ ነገራት። እጣቢዋን ቀድሞ መድፋቱንም አልደበቀም፤ የምትቆጣው ለእሱ መስሎት ነበር።

ፒልሱን ሳህኑን አየችው። ታጥቦ፣ ተደፍቶ ተቀምጧል። መድኃኒቱ ከውሃ ጋር ሲገናኝ ወተት እንደሚመስል ታውቃለች፤ በየዓመቱ አይታዋለች። ጠርሙሱ ገንዳው ሥር ቆሟል፣ ላዩ ላይ ቀይ የማስጠንቀቂያ ምልክት አለበት። ክው ብላ ቀረች። የባሏን ጓንት፣ ያንን እስከ ክርን የሚደርሰውን ጎማ እያየች፣ ይሄ ሰውዬ በእጁ እንኳን የማይነካውን ነገር ልጄ ፊቷ ላይ አደረቀችው ብላ አሰበች።

«ናሬ ታጥባበታለች» አለች በመጨረሻ።

ታክሱ ጓንቱን ማውለቅ እንኳን አላስታወሰም። ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ከውስጥ፣ ከናሬ ክፍል፣ ስልኳ ጠራ። ልጅቷ በጥድፊያ ረስታው ሄዳለች። ሁለቱም እየተያዩ ጥሪው እስኪያልቅ ድረስ አዳመጡት።

የሴኡሉ አውቶቡስ ከከተማው ተራ ሳይነሳ ሊደርሱባት በወጡበት መኪና ውስጥ ፒልሱን የመድኃኒቱን ጠርሙስ ጉልበቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ታክሱ ሐኪም ጋ ስንደርስ ያስፈልጋል ብሎ ነው የሰጣት። ጽሑፉን ልታነበው ሞከረች። ዓይን ውስጥ እንዳይገባ የሚለውን ብቻ አነበበችና የቀረውን ተወችው። የላይኛው መንደር ሽማግሌ ባንግ ትዝ አላት። መድኃኒት ሲረጭ የዓይኑን ላብ በእጁ ጠረገ፤ አንድ ዓይኑ እስከ ዛሬ አያይም። እሱ የጠረገው በአንድ ጣት ነው። ናሬ ግን ፊቷን ሙሉ፣ ሽፋሽፍቷን ሁሉ፣ እናቷ እንዳስተማረቻት እየደባበሰች ነው የምትቀባው። ደግሞ ከርፍቶባታል። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ሽታ ሲሸት ጥሎት ይሸሻል። ቻይው ብላ ያስለመደቻት ማን ነው?

«ፍጠን» አለች።

«እየፈጠንኩ ነው» አለ ታክሱ። ከኋላ የችግኝ ሳጥኖቹ በየመታጠፊያው እየተንሸራተቱ አስፋልቱ ላይ ይወድቃሉ። ወደ ኋላ ያየ ሰው አልነበረም። በግራና በቀኝ ውሃ የተለቀቀበት ማሳ እያብረቀረቀ ያልፋል። ፒልሱን ሠርጉ አልታሰባትም፣ የአማቾቹ ፊት አልታሰባትም። የታሰባት ናሬ አውቶቡሱ ውስጥ ሆና በዝምታ እየተቃጠለች፣ ሽታው ነው ጉልበቱ እያለች ራሷን እንደምታጽናና ነው።

አውቶቡስ ተራው ሲደርሱ ታክሱ መኪናውን ሳያቆም ወረደች፤ ልትወድቅም ነበር። ሰዉ ሁሉ አፉን ሸፍኗል። ከምዕራብ የሚነፍሰው ቢጫ አቧራ ከማለዳው ጀምሮ ሰማዩን አደፍርሶታል፤ ወጣት የተባለ ሁሉ ኮፍያ አድርጎ አፍንጫውን በጭንብል ጋርዷል። የትኛዋ ናት የኔ? አንዷን በካፖርቷ ለየኋት ብላ ክንዷን ያዘቻትና ጭንብሏን ቁልቁል ሳበችው። የሌላ ሰው ልጅ ነበረች። ልጅቷ ደንግጣ ወደ ኋላ አለች፤ የፒልሱን ዓይን ግን ሌላ ሰው ላይ ነበር።

ናሬ የሴኡሉ አውቶቡስ የሚቆምበት በር ላይ ተሰልፋለች። በሁለት እጆቿ ዓይኖቿን እያሸች ነው።

ፒልሱን እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። እጇን አፈፍ አድርጋ ይዛ ወደ ሴቶች መታጠቢያ ቤት ጎተተቻት። ናሬ ምን ሆንሽ እማ፣ አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ነው እያለች ተከተለቻት። ቧንቧውን ከፍታ አንገቷን ልታጎነብሳት ስትል ልጅቷ በግድ ተላቀቀች።

«እማ! ምን ጉድ ነው?»

«ዓይንሽን አታሺ! ሳህኑ ውስጥ የነበረው መድኃኒት ነው። አባትሽ የበጠበጠው የዘር መድኃኒት። ነይ በናትሽ፣ ጎንበስ በይልኝ።»

ናሬ ግን አልተንቀሳቀሰችም። ኮፍያዋን አወለቀች፣ ጭንብሏንም አወረደች። ፊቷ ነጭ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ ዓይኖቿ ብቻ ከአቧራው ቀልተዋል።

«አልታጠብኩበትም» አለች።

«አልሽኝ እኮ! ዛሬስ ሽታው ገደለኝ አልሽኝ!»

«ደፋሁት። ስደፋው ነው የሸተተኝ።» ናሬ ወለሉን አየች። «ሁሌም እደፋዋለሁ፣ እማ። መካከለኛ ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ ኮመጠጠች እያሉ አጠገቤ አልቀመጥ ሲሉ፣ ያኔ ነው የጀመርኩት። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።»

በሌላ ቀን ቢሆን ይሄ ወሬ ፒልሱንን ለወራት ያስኮርፋት ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የዳበሰችው ጉንጭ፣ ለጎረቤት ስታወራለት የኖረችው ቆዳ፣ አንዲት ጠብታ እጣቢ ነክቶት አያውቅም ማለት ነው። እሷ ግን ለኩርፊያ ጊዜ አላገኘችም። ከዚያ የባሰ ነገር ነው የመጣባት። ይቺ ልጅ እናቷ እንዳይከፋት ብላ ይሄን ሁሉ ዘመን ከዋሸች፣ አሁንም እናቷ እንዳትደነግጥ ብላ ልትዋሽ ትችላለች። ውሃው ከቧንቧው እየፈሰሰ ነው። ጠርሙሱ አሁንም እጇ ላይ ነው።

«የቱ ነው ውሸቱ?» አለች። «የጠዋቱ ነው ወይስ የአሁኑ?»

ናሬ ልትምል አፏን ስትከፍት ፒልሱን በሁለት እጆቿ ፊቷን ያዘችና አፍንጫዋን ግንባሯ ላይ አደረገች። አሸተተቻት። ጉንጯን አሸተተች፣ ሽፋሽፍቷን አሸተተች፣ የአፍንጫዋን ጥግ፣ የጆሮዋን ሥር። በር ከፍተው የገቡ ሴቶች አይተዋቸው ተመልሰው ወጡ። ፒልሱን አላፈረችም፣ አላቆመችምም። የመድኃኒቱ የሚከረፋ ሽታ የለም። የእጣቢም የለም። የሚሸታት ሌላ ነው፦ ልጅቷ ለበዓል በመጣች ቁጥር አልጋ ልብሱ ላይ ትታው የምትሄደው፣ ፒልሱን የሱቅ ሽታ ብላ የምትጠላው፣ የእኔ እያለ ምን ጎደለባት እያለች ስትናደድበት የኖረችው የፊት ቅባቷ የአበባ ሽታ።

በዚያው እንደያዘቻት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ናሬም አብራት ወረደች። ፒልሱን አፍንጫዋን ከልጇ ጉንጭ አላነሳችም። እያለቀሰች ያንን ሽታ በረዥሙ ሳበችው፣ ደግማም ሳበችው።