የአትጠገብ ጠባሳ

አትጠገብ ከደረቷ ሥር እስከ እምብርቷ የሚወርድ ጠባሳ አላት። ጉበቷ መግል ቋጥሮ ኦፕራሲዮን የሆነች ጊዜ የቀረ ነው። ከዚያ ወዲህ ከባድ ነገር አታነሳም። በምትኖርበት ከተማ በጨለለቅቱ ግን ሆዷ ተከፍቶ የዳነች መባሉ ማዕረግ ሆኖላታል፤ የታመመ ሰው መጀመሪያ የሚያማክረው እሷን ነው፣ ሐኪሙ የሚጠየቀው ቀጥሎ ነው።

ዘንድሮ የባሏ ታናሽ ወንድም ሚስት፣ ሔርሜላ፣ በዚያው በሽታ ዲላ ሆስፒታል ተኛች። ሐኪሙ መቅደድ አያስፈልግም አለ። በአልትራሳውንድ እያየ መግሉን በረጅም መርፌ መጥጦ ያወጣላታል፣ ብዙም ሳትቆይ ቤቷ ትገባለች። አትጠገብ ይህን ስትሰማ እርር ድብን አለች። ለእሷ ቢላዋ፣ ለዚህች መርፌ። ሔርሜላ ድሮም እንዲህ ናት፤ ስትወልድ እንኳ ምጡ አላስቸገራትም፣ አማታቸውም ከእሷ ሌላ ምራት ያላቸው አይመስላቸውም።

ቤተሰቡ አልጋውን ከቦ የአትጠገብን አፍ ጠበቀ።

«መርፌ ላይ ላዩን ነው» አለች። «ሥሩ ካልወጣ ይመለሳል። እኔ የዳንኩት ስለተቀደድኩ ነው።»

ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ሐኪሙ ሲያስረዳ አጠገቡ ቆማ ሰምታለች።

ሔርሜላ ወደ ሐኪሙ ዞረች። «እንደ እትዬ ይደረግልኝ» አለችው። ቢለምናትም እሺ አላለችም። «እሷ ደርሶባታል፣ እርስዎ ግን ያነበቡትን ነው የሚነግሩኝ።»

ደስ ይለኛል ብላ የጠበቀችው አትጠገብ ፈራች። ሰዉን ሁሉ አስወጣችና ለባሏ እንኳ በብርሃን ያላሳየችውን ሆዷን ገለጠች። ጠባሳው ተጨማዷል፣ መሐሉ ላይ አንጀት እየገፋው አብጧል።

«ሲያስለኝ በእጄ ደግፌ ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅ አዝዬ አላውቅም።»

«ታዲያ እትዬ፣ ለምን ተቀደጂ አልሽኝ?»

«ቀንቼብሽ ነው። አሁንም እየቀናሁብሽ ነው። መርፌውን ተወጊ።»

ሔርሜላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በማግስቱ ግን መርፌውን ተወጋች፤ ሆዷ ላይ የቀረው ጥፍር የምታክል ፕላስተር ብቻ ነበረች።

ቤቷ ከገባች በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቋት መጡ። ተኝታ ያገኟት መስሏቸው ነበር፤ በሩን የከፈተችው ራሷ ናት፣ ሕፃኗን አዝላ። አትጠገብ ጥግ ላይ ተቀምጣ ሳትፈልግ ያችን የታዘለች ልጅ ታያለች። ሔርሜላ ልጇን ከጀርባዋ አውርዳ አትጠገብ ጭን ላይ አስቀመጠቻት።

ልጅቷ ማልቀስ ስትጀምር ሔርሜላ ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። አትጠገብ አልሰጠቻትም።