አልወርድ ያለው ቀይ ቀለም

ባሌ የፕሪንተር ቀለም በመርፌ ይሞላል። አዲስ ካርትሪጅ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው እያለ፣ የቤተሰቡን ፎቶ በሙሉ እዚሁ ሳሎን ያትማል። እሱ ቁጠባ ይለዋል፣ እኔ ስስት። የዚያን ቀን ከሰዓትም የምግብ ጠረጴዛዬ ላይ ቀለም አፍስሶብኝ ስጮኽበት፣ እሱም ሲመልስልኝ፣ እናቴ በሩን ከፍታ ወጣች። ማናችንም አላየናትም።

እናቴ መርሳት ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አንዳንድ ቀን ታውቀኛለች፣ አንዳንድ ቀን እንግዳ ነኝ። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞርነው፣ የለችም።

"ፎቶዋን አትመን እንበትን!" አልኩት።

ባለፈው እሁድ ያነሳኋት አለ፤ ክረምት ከበጋ የማታወልቀውን ቀይ ሹራቧን ለብሳ። ከሥሩ "እኚህ እናት ጠፍተዋል፣ ልጆቻቸው እየፈለጓቸው ነው" ብለን ስልካችንን ጨመርንበት። የመጀመሪያው ወረቀት ሲወጣ ግን ሹራቡ ቢጫ ነው። ፊቷም የወፍ በሽታ የያዛት መስሏል።

"ቀዩ አልወረደም" አለ ባሌ፣ ካርትሪጁን አውጥቶ እያገላበጠ። "ስሞላው የአየር ቀዳዳውን በፕላስተር ደፍኜዋለሁ። አየር ካላገኘ አይወርድም። አስር ደቂቃ ብቻ ስጪኝ።"

"አስር ደቂቃ? እናቴን መኪና ሊበላት ነው እኮ! ፊቷ ይታያል አይደል? ይበቃል!"

"ኧረ ስሚኝ፣ ሰው የሚለያት በሹራቧ…"

"አትም አልኩህ! አንተንም ቀለምህንም እሳት ይብላችሁ!"

አተመ። ሰላሳ ወረቀት ወጣ፣ ሰላሳውም ቢጫ። ለሁለት ተካፍለን እሱ በታች፣ እኔ በላይ ሮጥን። ፋርማሲ ገባሁ፣ ጫማ ጠጋኙን ጠየቅኩ፣ የሕንፃ ዘበኞችን ለመንኩ። ሁሉም ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር።

የላዩን ጨርሼ በታች በኩል ዞሬ አውቶቡስ ፌርማታው ጋ ስደርስ ትኬት ቆራጩ ወረቀቱን ገና ከሩቅ ለየው።

"ቅድም አንድ ሰውዬም ሰጥቶኛል፣ እህቴ። እኚህን ሴትዮ ግን አላየሁም። እሱ ከሄደ በኋላ እዚህ ወንበር ላይ አንዲት ባለ ቀይ ሹራብ እናት ብቻ ነበሩ። ወረቀቱን ሳሳያቸው 'አላውቃትም' አሉኝ። ግን አንጀታቸውን በላቻቸው መሰለኝ፣ ወረቀቱን ተቀብለውኝ ሄዱ።"

"በየት በኩል?"

"ወደ አደባባዩ።"

እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ። አደባባዩ ላይ ጡሩምባው ይጮሃል። እናቴ መኪናዎቹ መሃል ቆማ፣ ወረቀቱን በየመስኮቱ እያሳየች ሾፌሮችን ትጠይቃለች። አንድ ሚኒባስ ፍሬኑ እየጮኸ አጠገቧ ቆመ። ሾፌሩ ሲሳደብ ክንዷን ለቀም አድርጌ ወደ ዳር ጎተትኳት።

"ቀስ በይ እንጂ፣ ክንዴን ነቀልሽው!" አለችኝ። እንዳላወቀችኝ ከዓይኗ ገባኝ። ወረቀቱን ዘረጋችልኝ። "ይልቅ ይቺን ሴት አይተሻታል? ጠፍታ ነው።"

"እማ…"

"ልጆቿ እየፈለጓት ነው ይላል። ምን ዓይነት ልጆች ናቸው ግን? እንዲህ ያለችውን ደካማ ብቻዋን የሚለቁ፣ ምን በልጦባቸው ነው?"

እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል።

"ምነው? ታውቂያታለሽ እንዴ?"

"እናቴ ናት።"

ደነገጠች። አፏን በመዳፏ ያዘች።

"ውይ፣ አፌን ቁርጥ ያርገው! አላወቅኩም፣ ልጄ፤ ይቅር በይኝ።" ፊቴን በእጅጌዋ ጠራረገችና እጄን አጥብቃ ያዘች። "አይዞሽ፣ አታልቅሺ። ነይ፣ ሳይጨልም አብረን እንፈልጋት።"