የአምጃዷ ሊብሬ

«ሰውየው አይመጣም፣ ሲትና። በር በር እያየሽ ለምን ራስሽን ታደርቂያለሽ?» አለ ሲዲግ ከመጋረጃው ማዶ።

ሲዲግ የሟቹ ባሏ የባቢኪር ታናሽ ወንድም ነው። ከኋላው፣ ግቢው ውስጥ በተጣለው ድንኳን ሥር፣ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አዲስ ሐዘንተኛ በገባ ቁጥር ሁሉም ብድግ ብለው መዳፋቸውን ይዘረጋሉ፣ ለሟቹ ፋቲሓ ይቀራሉ፣ በመዳፋቸው ፊታቸውን ያብሱና ወደ ሻያቸው ይመለሳሉ። ሲትና ነጭ የሐዘን ቶቧን ተጠቅልላ ከሴቶቹ መሀል ብትቀመጥም ጆሮዋ ድንኳኑ ጋ ነው። የአንድ ሰው ድምፅ ትጠብቃለች፤ የአብደልባጊን።

«የገዳሪፍ ከተማ እንዳለ መጥቷል። ባቢኪር በነፃ ያሳፈረው ሁሉ መጥቷል። እሱ ግን እስካሁን ካልመጣ አይመጣም። ነገ ድንኳኑ ይነሳል» አለ ሲዲግ። «የጋራዥ ሰፈሩን ነጋዴ አናግሬዋለሁ። የባቢኪርን መኪና ፈታትቶ ለመለዋወጫ ይወስዳታል።»

«አትሸጥም።»

«ሊብሬ የሌላት መኪና ምን ታደርግልሻለች? ዶሮ ታሳድሪባታለሽ?»

«የሐዘኔ ወራት ሲያልቅ ራሴ እነዳታለሁ። ሴት ተማሪዎች አመላልስባታለሁ።»

«ትራፊኩ መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ይቀማሻል» አለ ሲዲግ። ክፋት አልነበረበትም። የወንድሙ ሁለት ሴት ልጆች ነገር አስጨንቆት፣ የተገኘው ይገኝ ብሎ ነው።

እውነቱንም ነው። አምጃዷ፣ ያቺ ቀለሟ የለቀቀ ትንሽ ሚኒባስ፣ እስከ ዛሬ በአብደልባጊ ስም ናት። ባቢኪር አሮጌ ሆና ከዚሁ ከልጅነት ጓደኛው ሲገዛት እጅ ተጨባበጡ፣ ሊብሬዋን ተቀበለ፣ ስም ማዛወሩን «በሚቀጥለው ሳምንት» አለ። ባቢኪር በሚቀጥለው ሳምንት ያለው ነገር በቃ፣ አለቀለት ማለት ነው። ኋላ ሰሊጥ ገበያው አጠገብ አቁሟት ውሃ ሊጠጣ ሲወርድ፣ ከወንበሩ ሥር ቦርሳውን ወሰዱት። ሊብሬዋ እዚያ ውስጥ ነበረች። ምትክ የሚሰጠው ስሙ መዝገብ ላይ ላለው ሰው ነው፤ አብደልባጊ ራሱ ቀርቦ ጠፋ ብሎ ማመልከት አለበት። ያኔ ግን አብደልባጊ ለባቢኪር ሰላምታ መመለስ ካቆመ ቆይቶ ነበር።

አንዷ ጎረቤት ሌላዋ ጆሮ ሥር ተጠግታ አንሾካሾከች። «እንባ የሚባል አልወጣትም እኮ።»

«ሐዘኑ ለመኪናዋ ነው እንጂ ለሰውየው መች ሆነ» አለች ሌላዋ።

ሲትና ሰማች። ተናደደች። አለማልቀሷ እሷንም ሊያስፈራት ጀምሯል።

ሴቶቹ ለሶላት ሲነሱ ወደ አማቷ ወደ ሐጃ በቱል ተጠጋች።

«ሐጃ፣ አብደልባጊ ቤት እሄዳለሁ።»

አሮጊቷ መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉ። «ባሏ የሞተባት ሴት ከሐዘን ቤት ወጥታ?»

«ቀን ነው። ጉዳይ አለብኝ። ሼኹ ይፈቅዳሉ።»

«ሼኹንስ ተያቸው፣ እኔ የምፈራው እነዚህን ሴቶች ነው» አሉ ሐጃ በቱል። መቁጠሪያቸውን እጃቸው ላይ ጠቀለሉና፣ «ልትለምኚው ነው?» አሏት።

«አይደለም። ለቅሶ ልንደርሰው ነው፣ ለእናቱ።»

አሮጊቷ የልጃቸውን ሚስት ለረጅም ጊዜ ተመለከቷት። ከዚያ መሬቱን ተደግፈው ተነሱ። «ጫማዬን አቀብዪኝ። ልጄን በሕይወት እያለ ስንቴ ሂድ ብዬዋለሁ፤ እምቢ እንዳለ ሞተ።»

ሲዲግ በሩ ላይ ሲያያቸው አፉን ሊከፍት ነበር። «ዝም በልና ባጃጅ ጥራ» አሉት እናቱ።

ባጃጇ በአቧራው መንገድ ስትንገጫገጭ፣ ሲትና ያንን የክረምት ቀን አሰበች። የአብደልባጊ እናት፣ ሐጃ አርፋ፣ ሲሞቱ ባቢኪር ከዶካ ከተማ ሲመለስ ጭቃ ይዞት ነበር። ወንዝ ሞልቶ፣ መኪና ሰጥሞ፣ ሲገባ ድንኳኑ ተነስቶ አገኘው። በልጅነቱ ከገዛ ቤቱ ይልቅ እሳቸው ቤት የበላው ይበልጣል። በማግስቱ ሄዶ «ጭቃ ይዞኝ ነው» ቢል ማን ይቀየመው ነበር? አልሄደም። አፈረ። ነገ እሄዳለሁ አለ፣ ነገ ደግሞ ከዛሬው ይበልጥ አሳፈረው፤ እንዲህ እያለ ነገሩ ከረመ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በዚያ አገር እንደ ጠላት ይቆጠራል፤ አብደልባጊም ሰላምታውን የነፈገው ለዚህ ነው።

ሲትና ብቻ የምታውቀው ነገር አለ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከገበያ ሲመለሱ ባቢኪር መንገድ ቀየረ። አብደልባጊ ደጃፍ ሲደርስ አቆመ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ወደ በሩ እያየ መሪውን እንደያዘ እንባው ወረደ። «ግባ እንጂ» አለችው። «በሚቀጥለው ሳምንት» አላት። ያኔ ተናድዳበት ነበር። እስከ ዛሬም አልበረደላትም።

አብደልባጊ በሩን ራሱ ከፈተ። ጀለብያው ላይ የሞተር ዘይት የነካው ትልቅ ሰው ነው። ነጭ የለበሰችውን ሴትና አሮጊቷን ሲያይ ደነገጠ፤ ወዲያው ግን ፊቱ ጠጠረ።

«ስለ መኪናዋ ከሆነ፣ ሲትና...»

«አል ፋቲሓ» አለች ሲትና፤ ሁለት መዳፎቿን ዘርግታ። «ለእናትህ፣ ለሐጃ አርፋ።»

ይህን ቃል ሰምቶ እጁን የማያነሳ ሰው የለም። አብደልባጊም አነሳ። ሦስቱም ደጃፉ ላይ ቆመው ፋቲሓውን ቀሩ፤ ባጃጅ ነጂው እንኳ መሪውን ለቆ መዳፉን ዘረጋ። ፊታቸውን አበሱ።

«ዘግይተናል። ይቅር በለን» አለች ሲትና። «ለሊብሬዋም ነው የመጣሁት፣ አልዋሽህም። ይሄ ግን ይቀድማል። ለሊብሬዋ እምቢ ብትለኝም ይሄኛው ዕዳችን ነበር።»

አብደልባጊ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ እሷ ግን ቀጠለች።

«ባቢኪርን ያኔ ጭቃ ይዞት ነው። በኋላ ግን ያሰረው ኀፍረቱ ነው። እዚህ ደጅህ ድረስ መጥቶ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ሆኖ ሲያለቅስ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

«አንዴ አይደለም» አለ አብደልባጊ።

ሲትና ቀና አለች።

«ብዙ ጊዜ መጥቷል። የዚያችን መኪና ድምፅ እኔ አጣዋለሁ? ስንት ዓመት የነዳኋት እኔ ነኝ። ስትቆም እሰማታለሁ። እዚህች በር ጀርባ እቆማለሁ፤ ያንኳኳ እንደሆን ብዬ እጠብቃለሁ። ከዚያ ትሄዳለች።» በሩን በመዳፉ ነካ አደረገ። «እኔም እኮ በሩን ከፍቼ መውጣት እችል ነበር። ትናንት ለቅሶው ልመጣ ሁለቴ ተነስቼ ሁለቴ ከመንገድ ተመለስኩ። እዚያ ደርሼ ምን እላለሁ?»

«ሁለት አህዮች» አሉ ሐጃ በቱል፤ እያለቀሱ ነበር። «ሁለት አህዮች ነው ያሳደግነው፣ እኔና አርፋ።»

አብደልባጊ ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። «እሑድ ጠዋት፣ የሳምንቱ ሥራ ሲጀመር፣ ትራፊክ ቢሮ እሄዳለሁ። ጠፋ ብዬ አመለክታለሁ። ምትኩ እንደወጣ ለአንቺና ለልጆቹ ይዛወራል፤ ሲዲግን ላኪልኝ። መኪናዋን ሊፈታታት ነው ሲባል የሰማሁትን ያንን የመለዋወጫ ነጋዴ እንዳላየው በዪው።»

ሲትና ራሷን ነቀነቀች። የፈለገችውን አግኝታለች። መኪናዋ አትፈታም፣ ልጆቿ እንጀራቸው አይቋረጥም። ልትሄድ ዞር ስትል አብደልባጊ ጠራት።

«ቆይ፣ እህቴ።»

ዘይት የነካቸውን እጆቹን ዘረጋ። «አል ፋቲሓ» አለ። «ለወንድሜ ለባቢኪር።»

ሲትናም መዳፎቿን አነሳች። ድንኳኑ ከተጣለ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳነሳች አታውቅም። ከንፈሯ ቃሉን ጨረሰ፤ እንደ ወጉ ፊቷን ከላይ ወደ ታች አበሰች። እጇን ስታወርድ መዳፏ ርሶ ነበር።

አላደረቀችውም። እንደገና ፊቷ ላይ አደረገችው።