ለቅሶ ድንኳን የገባው ከበሮ

ሱሃድ ታክሲው ውስጥ አርፋ መቀመጥ አልቻለችም። ቦርሳዋን ከጉልበቷ አንስታ ወንበሩ ላይ፣ ከወንበሩ አንስታ መልሳ ጉልበቷ ላይ ታደርጋለች። ስልኳ ይጠራል፤ ታየውና በፊቱ ትደፋዋለች። የሚደውለው አለቃዋ ዶክተር ማእሙን ነው።

«እህቴ፣ ምጥ ይዞሽ ከሆነ ሆስፒታሉን አልፈነዋል» አላት ሹፌሩ በመስታወት እያያት።

«ለቅሶ ነው የምሄደው።»

«አላህ ያጥናችሁ» አለና አፉን ያዘ።

ሱሃድ ኢርቢድ በምትባል የዐረብ አገር ከተማ ውስጥ ለአንድ የግል የነርሶች ኮሌጅ ተማሪ ትመለምላለች። የተውጂሂ፣ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያው ፈተና ውጤት የወጣ ሰሞን ኮሌጆቹ ተማሪ እንደ ገበያ ዕቃ ይሻማሉ። ዘንድሮ የእነሱ ኮሌጅ ግማሹ ወንበር ባዶ ነበር። እሷም በስልክ ቪዲዮዎች መግቢያ ላይ የሚመጣ ማስታወቂያ ሠራች፤ ተመልካቹ መዝለል ሳይችል የሚያልቅ፣ አምስት ሰከንድ ብቻ። መጀመሪያ ከበሮ ይመታል። ቀጥሎ ጁማና የምትባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ «እኔ ጁማና ነኝ!» ብላ ከት ብላ ትስቃለች። መጨረሻ ላይ «እናንተስ መቼ ትመጣላችሁ?» የሚል የሴት ድምፅ ይሰማል።

የት እንደሚታይ የመረጠችውም ሱሃድ ናት። ልጅቷ ኮሌጅ ብትመርጥም እሺ የምትለው እናት ናት። እናቶች ደግሞ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ልብስ ሲያጥፉ፣ ስልካቸው ላይ የሚከፍቱት በዜማ የሚነበብ ቁርኣን፣ ቂርኣት ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ቂርኣት በሚተላለፍባቸው ቻናሎች ላይ፣ ለእናቶች እንዲታይ አዘዘች። ወጥ ቤቱን አሰበች። ለቅሶ ቤቱን አላሰበችም።

ትናንት የጁማና አያት ዐረፉ። ቁርኣን የሚቀራው ሰው እስኪደርስ ድረስ ድንኳኑ ጸጥ እንዳይል ብለው አንድ ስልክ ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኙ። ኢንተርኔት ያልከዳው የጁማና እናት ስልክ ብቻ ነበርና እሱን ከሴቶቹ በኩል አስመጡ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ቂርኣቱን ሲጠብቁ ከበሮው ዱም አለ። የሟች የልጅ ልጅ በመላው ሰፈር ላይ ሳቀች። «እናንተስ መቼ ትመጣላችሁ?» ሲልማ አንድ ሽማግሌ፣ «ሟቹን ተከተሉት ማለቷ ነው?» አሉ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ጠዋት ጁማና እያለቀሰች ደወለች። አባቷ «ከእንግዲህ ኮሌጅ የሚባል የለም» ብለዋታል።

ዶክተር ማእሙን ሲሰማ ብዙም አልደነገጠም። «ማስታወቂያው የት እንደሚታይ ማሽኑ ነው የመረጠው በያቸው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚመስለው።»

«የመረጥኩት እኮ እኔ ነኝ፣ ዶክተር።»

«ማን ጠየቀሽ? ማስታወቂያውን ግን እንዳትነኪው፤ የምዝገባ ስልካችን ከትናንት ወዲህ አላረፈም።»

በሩን የከፈተችላት የጁማና እናት ኡሙ ገይስ ናት። ዓይኗ አብጧል። ሱሃድን እንግዳ መቀበያው ውስጥ አስቀምጣ ስኳር የሌለው ቡና በትንሽ ሲኒ ሰጠቻት። ሱሃድ ሲኒውን ሳትቀምሰው ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ኡሙ ገይስ አይታ ተነፈሰች። እዚያ አገር ልመና ይዞ የመጣ እንግዳ፣ ባለቤቱ «ጠጣ» እስኪለው ድረስ ሲኒውን አይነካም። «ጠጣ» ከተባለ ልመናው ተሰጠ ማለት ነው።

የጁማና አባት አቡ ገይስ ገቡ። ሲኒውን አዩት።

«ኮሌጁ ነው የላከሽ?»

«ኮሌጁ የላከኝ ሌላ ነገር እንድል ነው።»

«ልጄ ለኮሌጁ ግድግዳ ፎቶ ልትነሳ ነው ያለችኝ። የእናንተ ግድግዳ ከበሮ ይመታል?»

ሱሃድ እጇ አላርፍ ብሏት የሻርፗን ጫፍ ትጠመዝዛለች። ማሽኑ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። በልቧ ቢስሚላህ አለች።

«አልዋሸችዎትም። ለግድግዳ ፎቶ ብዬ የጠራኋት እኔ ነኝ። እያነሳኋት ቪዲዮም ቀረጽኩ። ኋላ ሳሳያት ዝም አለች፤ ዝምታዋን እሺታ አደረግሁት። ከበሮውን የጨመርኩት፣ ከቂርኣት በፊት ይምጣ ያልኩትም እኔ ነኝ። መቼ ትመጣላችሁ የሚለውም የእኔ ድምፅ ነው።»

«በር ላይ ስትናገሪ ድምፅሽን ለይቼዋለሁ» አሉ አቡ ገይስ። «እና አሁን ይህን የሰው ወሬ እንዴት ላጥፋው? የሰማው ሰው ሁሉ ልጄ ጨፈረች ነው የሚለው።»

ሱሃድ ስልኳን አውጥታ ያልተቆረጠውን ቪዲዮ ከፈተችላቸው። ከበሮ የለም። ጁማና ነጭ ጋወን ለብሳ በተኛ የፕላስቲክ በሽተኛ ላይ አጎንብሳለች። «እኔ ጁማና ነኝ! ግፊት ልለካዎት ነው» ትለዋለች። ክንዱን ስታነሳው ክንዱ ከትከሻው ተነቅሎ እጇ ላይ ይቀራል። «አንቺ፣ ለካሽው ወይስ ገነጠልሽው?» ይላል የአስተማሪዋ ድምፅ። ያን ጊዜ ነው የሳቀችው።

የአቡ ገይስ ጢም ጫፍ ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ድገሚው።»

ደገመችው። ክንዱ ጋ ሳይደርስ አስቆሟት።

«አባቴ ዓይናቸው አያይም ነበር» አሉ። «ማታ ማታ ግፊታቸውን ስትለካ መጀመሪያ ስሟን ትነግራቸዋለች። እንዲህ፣ ጮክ ብላ። ጆሯቸውም ደክሞ ነበርና።»

ኡሙ ገይስ በሩ ጋ ፊቷን አዞረች። ስልኩ የሱሃድ እጅ ላይ እንዳለ ጠራ፤ ዶክተር ማእሙን።

«አለቃሽ ነው?»

«አዎ።»

«ከበሮውስ አሁንም በየቤቱ እየተመታ ነው?»

ሱሃድ ጥሪውን ዘጋችና ማስታወቂያውን ከፍታ አቆመችው። ስክሪኑን አዙራ አሳየቻቸው። ወዲያው እንደገና ጠራ።

«ሥራሽን ይወስድብሻል?»

«እንጃ። ሳይወስድ አይቀርም።»

አቡ ገይስ ሲኒውን በሁለት ጣት ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«ድንኳኑ ውስጥ ላሉት እኔው እነግራቸዋለሁ። ቡናሽን ጠጪ።»

ቀዝቅዟል፤ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ እየነዘረ ወደ ጠርዙ ይሳባል። ኡሙ ገይስ ወደ ውስጥ ተጣራች።

«ጁማና! ያ የኮሌጁ ጋወንሽ ታጥቧል?»