ትንፍሽ

«መታመሙን ያውቅ ነበር?» አሉ የሟቹ ሚስት በሹክሹክታ፣ የወጣቷን ሶሻል ወርከር እጅ ሳይለቁ።

ወጣቷ ከቀብሩ ወዲህ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ የምትመጣው እዚህ ለቅሶ ቤት ነው። ልብሷ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

«ከእኔ ይልቅ ከእናንተ ጋር አይደል የሚውለው?»

እውነት ነው። ሟቹ ጋሼ የሆስፒታሉ አንጋፋ ሶሻል ወርከር ነበሩ። ሰው ሞቶ ለቤተሰቡ መንገር ሲጨንቃቸው ሐኪሞቹ የሚጠሩት እሳቸውን ነው።

ወጣቷ ባሕር ማዶ ተምራ ስትመለስ ለባልደረቦቿ አንድ ልምምድ አመጣች። ጠዋት ጠዋት ክብ ሠርቶ መቀመጥ፣ ዓይንን ጨፍኖ፣ እጅን ሆድ ላይ አድርጎ ትንፋሽን ማዳመጥ። የመጀመሪያው ዕለት አማርኛዋ ዝጎ «ተንፍሱ» ልትል «ትንፍሽ በሉ» አለች።

«ኧረ እኛን ያሳደጉን ‹ትንፍሽ እንዳትሉ› እያሉ ነው፤ አሁን በምን አቅማችን!» አሉ ጋሼ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ስሟ ትንፍሽ ሆኖ ቀረ።

ልምምዱን ከሁሉም አብልጠው የወደዱት ግን እሳቸው መሰሏት። ሌሎቹ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ ሥራ ሲበተኑ፣ ጋሼ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ እንዳደረጉ ይቆያሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ይላል።

«እዩዋቸው፣ ልምምድ ማለት ይሄ ነው» ትል ነበር።

«ማታ ማታ ጎብጦ ሲቀመጥ ‹ምነው?› እለዋለሁ» አሉ ሚስትየው። «‹ትንፍሽ ያስተማረችኝን ነው› ይለኛል። እኔም ዝም እንዲልለት ብዬ በሩን እዘጋለታለሁ።»

«የሆዱን በሆዱ ይዞ ሄደ» አለ የሟቹ ወንድም ከማዶ ወንበር። ተናግሮት ሲያበቃ አቀረቀረ።

ሻይዋ ቀዝቅዟል። ወደ ሴትዮዋ ጠጋ አለች።

«ጋሼ ያውቁ ነበር፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።»

ሴትዮዋ እጇን ለቀቁት። ቆይተው መልሰው ያዙት።

ታክሲ ስትጠብቅ ለባልደረቦቿ በስልኳ የጋራ ቡድናቸው ላይ ጻፈች፤ «ነገ ልምምድ የለም። እያመመው ዝም ያለ ካለ ይንገረኝ። ሐኪም ጋ አብሬው እሄዳለሁ።»

ሁሉም አነበቡት። ከመካከላቸው አንዷ መልስ መጻፍ ጀመረች፤ ቆመች፤ እንደገና ጀመረች። ከዚያ ተወችው።