የማርያማዊት የልብ ደብተር

«እኔ ሳልሰማው ልቧ አንድ ምት ቢዘል፣ ያ የተዘለለው ምት የት ይገባል?»

ዓለምነሽ ከማለዳ ጀምራ ይህን ጥያቄ ስታላምጠው ነበር። የክሊኒኩን ዘበኛ ጠየቀችው፣ ሳቀባት። የታክሲ ነጂውን ጠየቀችው፣ አማርኛ አያውቅም። አሁን ደግሞ ቤታቸው ገብተው፣ የልጅ ልጇ ማርያማዊት መስታወት ፊት ቆማ ደረቷ ላይ የተለጠፉትን አምስት ሽቦዎች በሸሚዟ ስትሸፍን እያየች ራሷን ጠየቀች። ሽቦዎቹ ወገቧ ላይ ወደታሰረች የክብሪት ሣጥን ወደምታክል ማሽን ይወርዳሉ። ሆልተር ይሏታል። እስከ ነገ ጠዋት ድረስ እያንዳንዷን የልብ ምት ስትመዘግብ ትውላለች፣ ታድራለች።

«እማማ፣ ሥራ መሄዴ ነው።»

«ልብሽ በሽቦ ታስሮ?»

«እንደ ወትሮሽ ሁኚ ነው ያለኝ ሐኪሙ። ቤት ከተኛሁ ምን ይመዘግባል? የአንቺን ጭንቀት?»

«እሱንም ይመዝግብ፤ ሰው ይወቅልኝ» አለች ዓለምነሽ፣ ነጠላዋን እየፈለገች።

ማርያማዊት ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በየወሩ ገደማ ትኩሳት ይነሳባታል፤ ሆዷንና ደረቷን ሰቅዞ ይይዛትና በሦስተኛው ቀን ምንም እንዳልነበረ ብድግ ብላ «የሚበላ የለም?» ትላለች። ወባ ነው ተባለ፣ ታይፎይድ ነው ተባለ፣ አንድ ጊዜማ ትርፍ አንጀት ነው ተብሎ ሆዷ ሊቀደድ ለጥቂት ተረፈ። በመጨረሻ ዶክተር ኒዛር ደሟን አስመርምሮ ስሙን አገኘለት፤ የሜዲትራኒያን ትኩሳት። ከወላጅ የሚወረስ፣ ያለ ቁስል ያለ ተዋህሲ ሰውነትን ከውስጥ የሚያስቆጣ በሽታ። በአባቷ በኩል ከባቡር ዘመን የቀረች የድሬዳዋ አርመን ቅድመ አያት አለች፤ እናቷ ኑሪያ ደግሞ የየመን ዘር ናት። ከሁለቱም ወገን እየተዋጣ መጣላት። እናቷ ሌላ ባል አግብታ ድሬዳዋ ከገባች ወዲህ ልጅቷን ያሳደገቻት ዓለምነሽ ናት። በየማታው ክኒኗን ከእጇ የምታቀብላትም እሷው።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ዶክተሩ አዲስ ነገር አመጣ። «ክኒኑን ሳያቋርጥ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አያገኘውም» አለ። «ግን ቁጣው ሲመላለስ አልፎ አልፎ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። አንድ ነገር ንገሩኝ፤ ከቤተሰባችሁ ውስጥ አርባ ዓመት ሳይሞላው በድንገት የሞተ ሰው አለ?»

የተናገረው በፈረንሳይኛ ነው፤ ከድሬዳዋ የሚመጣው ባቡር የሚያልቅባት የዚህች የበረሃ ወደብ የሐኪም ቋንቋ እሱ ነው። የዓለምነሽ ፈረንሳይኛ ከቦንዡር አያልፍም፣ ዓረብኛዋም ከዓሣና ከሽንኩርት ተራ ወዲያ አይሻገርም። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ አማርኛ የመለሰችላት ራሷ ማርያማዊት ነበረች። ዓይን ዓይኗን እያየች።

«የለም» አለች ዓለምነሽ። «አባቷን ሙቀት ነው የገደለው በይው። የሐምሌ ሙቀት።»

ዶክተሩ ጻፈ። «ደግ ነው። እንግዲያው ማሽኑ ደህና ነች ካለን በዓመት አንድ ጊዜ እያየኋት እንቀጥላለን። እንዲያ ያለ ሞት ቢኖር ግን ሌላ መንገድ ነበር የምንሄደው፤ ለትልቅ ምርመራ ውጭ ድረስ እልካት ነበር።»

ያ «ደግ ነው» የሚለው ቃል ይኸው ሳምንቱን ሙሉ ዓለምነሽ ጉሮሮ ውስጥ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰክቷል። ለሆልተሯ ቀን ደብተር ተሰጣቸው፤ ልጅቷ ስትደክም፣ ስትደነግጥ፣ ሲያዞራት ሰዓቱና ነገሩ ይጻፍ ተባለ። በየትኛውም ቋንቋ ቢሆን ግድ የለም፣ ልጅቷ ታነብልኛለች አለ ሐኪሙ። ዓለምነሽ ድሬዳዋ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ እስክሪብቶውን ለማንም አላስነካም አለች። ሽቦዎቹ በተለጠፉበት በዚያው ጠዋት ልጅቷን ተከትላ ቡላኦስ ሰፈር ድረስ በሚኒባስ ሄደች። ማርያማዊት ከምትሠራበት የዕቃ አስተላላፊ ቢሮ በር ላይ፣ ከዘበኛው ወንበር አጠገብ ተቀምጣ ጻፈች።

«3፡10። ሚኒባስ ውስጥ ቆማ ሄደች። ተነስቶ የሚያስቀምጣት ጠፋ። ዘመኑ።

3፡40። ደረጃ ወጣች። ሃያ ሁለት ነው፣ ቆጥሬዋለሁ።

4፡25። በስልክ ከሰው ጋር ስትሳሳቅ ድምፅዋ እስከ ታች ይሰማል። ማን እንደሆነ አልተነገረኝም።

5፡00። አለቃዋ ጮኸ። ደነገጠች። እኔም።»

በሰባት ሰዓት ቢሮው ሲዘጋ ማርያማዊት ወረደችና ደብተሩን ከአያቷ ጭን ላይ መነተፈቻት። ገና የመጀመሪያውን መስመር ስታነብ ሳቋ አመለጣት።

«እማማ! ሦስት ሰዓት ከአሥር? ሐኪሙ እኮ ይህቺ ልጅ ከሌሊቱ በዘጠኝ ሰዓት ሚኒባስ ውስጥ ምን ትሠራለች ሊል ነው!»

«ጠዋት አይደለም እንዴ የተሳፈርነው? ጠዋት ሦስት ሰዓት ነዋ!»

«ማሽኗ ፈረንጅ ናት። የአንቺን ሰዓት አታውቅም።»

«ትማር!»

«ተይው፣ ነገ ጠዋት ከመውሰዴ በፊት ስድስት ስድስት እየደመርኩ አስተካክለዋለሁ» አለችና ደብተሩን መለሰችላት።

ቤት ሲደርሱ ከተማው ሁሉ እንደ ልማዱ የቀትሩን ሙቀት ሸሽቶ፣ በሩን ዘግቶ ተኝቷል። ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ከበረሃው በኩል አሸዋውን እያመጣ በመስኮቱ ቀዳዳ ይነፋል፤ የጣሪያው ቬንቲላተር ትኩሱን አየር ዝም ብሎ ያማስለዋል። ማርያማዊት በልታ ጋደም አለች። ዓለምነሽ መጥታ ደረቷን አየች። ሄደች። ደግሞ መጣች። እጇን ከአፍንጫዋ ሥር አስጠግታ ትንፋሽዋን አዳመጠች።

«እማማ፣ ከምሥጥ ትብሻለሽ» አለች ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

ዓለምነሽ ወደ በራፉ ወጣች። በጥላው ውስጥ ጎረቤቷ ማይሙና ምንጣፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ማይሙና ሶማሌ ናት፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛውን አቀላጥፋ ትናገረዋለች፤ ሰላሳ ዓመት ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል።

«ዋላሂ ዓለም፣ ሲሚንቶውን በእግርሽ ጨረስሽው። ተቀመጪ!»

«መቀመጫዬ አልገኝ አለኝ።»

«ልጅቷን ምን አላት ሐኪሙ?»

«ደህና ነሽ ሊላት ነው።»

«አልሐምዱሊላህ! ታዲያ ፊትሽ ለምን እንዲህ ሆነ?»

ማይሙና ዓይኗን አጥብባ ተመለከተቻት። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«የልጅሽን የአምሀን ነገር ነገርሽው?»

«አምሀን ሙቀት ነው የገደለው።»

«እኔ እዚሁ በራፍ ላይ ነበርኩ፣ ዓለም። ከጠዋቱ በአንድ ሰዓት ምን ሙቀት አለ? ልጁ ያለሽን ሰምቻለሁ። ያልሽውንም ሰምቻለሁ።»

«ማይሙና፣ ተይኝ።»

«አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ተውኩሽ አይደል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ማን ነው ያስተማረኝ? አንቺ ነሽ!» አለችና ማይሙና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ዓለምነሽ ወደ ቤት ገባች። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ውኃ ቀዳች፣ ሳትጠጣው አስቀመጠችው። ከዚያ ደብተሩን ገለጠችና በመጨረሻው ገጽ ላይ መጻፍ ጀመረች። ፊደሎቹ ገሚሶቹ ከመስመር በላይ፣ ገሚሶቹ ከመስመር በታች ሆኑ።

«ለዶክተር ኒዛር። አንድ ያልነገርኩዎት ነገር አለ። የማርያማዊት አባት ልጄ አምሀ ይኸው ትኩሳት ነበረበት። እኛ ስሙን አናውቅም ነበር። በየወሩ ሦስት ቀን እየተኛ በአራተኛው ሲነሳ ሰው ሁሉ ሰነፍ ነው፣ የጫት ምርቃና ነው ይለው ነበር። እኔም እል ነበር። በሞተበት ቀን ጠዋት በአንድ ሰዓት ትኩሳት ላይ ሳለ እማዬ ልቤ ይዘላል አለኝ። እኔ ልቡ የሚዘል ሰው እግሩም ይዘላል፣ ተነስ፣ ከሥራ ሊያባርሩህ ነው አልኩት። ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ዶራሌ ወደብ ላይ ከከባድ መኪኖቹ መሃል ዕቃ ሲቆጥር በአምስት ሰዓት ተኩል ወደቀ። አልተነሳም። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነበር። ሙቀት ነው ያሉት ሬሳውን ያመጡት ሰዎች ናቸው፤ እኔ ግን ቃሉን ያዝኩት፣ ደስ አለኝ። ልጅቷ አታውቅም። እርስዎ ግን ወደ ትልቁ ምርመራ ይላኳት።»

ገጹን እጥፍ አድርጋ በመርፌ ቁልፍ ወጋችው። ሐሳቧ ቀላል ነበር። ነገ ደብተሩን ራሷ ታደርሳለች። የማይሙና ምራት ፈረንሳይኛ ትችላለች፤ ዓለምነሽ ከማይሙና በለመደችው ሶማልኛ ትነግራታለች፣ ምራቲቱ ለሐኪሙ ትነግረዋለች። ልጅቷ ሳትሰማ ልጅቷ ትድናለች። ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ሌሊቱን የልጅቷን ትንፋሽ ስትቆጥር አደረች።

ጠዋት ማርያማዊት ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ማሽኗን በከረጢቷ ከተተችና ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ጠረጴዛው ጋ መጣች። ዓለምነሽ ቀድማት መዳፏን ደብተሩ ላይ ጥላለች።

«እኔ አደርሰዋለሁ፤ አንቺ ቢሮሽ ሂጂ። አለቃሽ ይጮኻል።»

«አስፈቅጃለሁ። ደግሞ ሰዓቱ ሳይስተካከል?»

«ሐኪሙ ይደምረው። ተምሮ የለም?»

«እማማ፣ አምጪ እንጂ! ምን ሆነሻል?»

ዓለምነሽ ደብተሩን ወደ ራሷ ሳበችው። ምራቲቱ ቤት ባትኖርስ? ብትሳሳትስ? ግማሹን ብትውጠውስ? ሐኪሙስ ይህን ሰምቶ ልጅቷን ራሷን አይጠይቃትም? ልጅቷስ እንደ አባቷ አንድ ጠዋት «ልቤ ይዘላል» ብትል፣ ያን ጊዜ መልሱ ምንድነው?

እጇን አነሳች።

ማርያማዊት ተቀምጣ መደመር ጀመረች። ሦስት ከአሥር፣ ዘጠኝ ከአሥር። ሦስት ከአርባ፣ ዘጠኝ ከአርባ። «ዘመኑ የሚለውን ደግሞ በፈረንሳይኛ ምን ልበለው?» እያለች ትስቃለች። «ደረጃው ሃያ አራት ነው፤ ሁለቱን የት ጣልሻቸው?» ገጾቹን እያገላበጠች መርፌ ቁልፉ ጋ ደረሰች።

«ይሄስ?»

«እሱም» አለች ዓለምነሽ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የመጣ መሰለ፤ «እሱም ሰዓት አለበት።»

ልጅቷ መርፌውን ፈታችው። አነበበች። ጨርሳ ደግሞ ከመጀመሪያው አነበበች። ቬንቲላተሩ ገጹን እያነሳ ሲያስቸግራት በክንዷ ተጫነችው። ዓለምነሽ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች።

«ልጄ… እኔ…»

ማርያማዊት ቀና አላለችም። እስክሪብቶውን አነሳች። አንድ ሰዓት የሚለው አጠገብ ሰባት ብላ ጻፈች። አምስት ሰዓት ተኩል የሚለው ላይ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ፤ ቆየ፤ ከዚያ በጥንቃቄ፣ በደንብ እንዲነበብ አድርጋ አሥራ አንድ ተኩል ብላ ጻፈች። ገጹን አጠፈችና መርፌውን በነበረበት ቀዳዳ መልሳ ወጋችው።

ተነሳች። ከረጢቷን በትከሻዋ፣ ደብተሩን በብብቷ ያዘች። በዓለምነሽ አጠገብ አለፈች፤ የአያቷ ነጠላ ጫፍ ነካት። በሩን ከፈተች፣ ከውጭ ያለው ትኩስ ነፋስ ገባ፤ ማርያማዊት ወደ ክሊኒኩ መንገድ ወጣች።