ኤሌክትሮን ወጥቶ ይመለሳል ወይ

በ1979 ዓ.ም. ናዝሬት ፊዚክስ አስተምር ነበር። የተማርኩበት የምሥራቅ ጀርመን ቤተ ሙከራ ለስድስት ወር ሥራ ጠራኝ። ጥናቱ እንዲህ ነው፦ እጅግ አጭር የሌዘር ብልጭታ ብረት ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖች ተፈናጥረው ይወጣሉ። እነሱም ሌላ ብረት ላይ ተላትመው፣ የዚያ ብረት ገጽና የነካው ጋዝ ሲዋሃዱ በዚያች ቅጽበት የሆነውን ያሳያሉ። ዝገት ሲጀምር የማየት ያህል ነው።

የመውጫ ፈቃድ ለማግኘት ግን መጀመሪያ ጥናቱን ለቀበሌው ማስረዳት ነበረብኝ። ሰፊው ሕዝብ ያልመከረበት ኤሌክትሮን መቼም አይንቀሳቀስም።

አዳራሹ ሞላ፤ የቀረ ስኳር አያገኝም ተብሎ ነበር። ፊት ለፊት ዋሴ የሆኑት ጎረቤቴ አቶ ባጫ ተቀምጠዋል። ወጥቼ ብቀር የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው። የቆቃን ተርባይን ምሳሌ አድርጌ ገለጽኩ፤ ተጨበጨበ። አቶ ባጫ እጃቸውን አወጡ።

"ልጄ፣ ይሄ ከብረቱ የሚወጣው ነገር ይመለሳል?"

ሊቀመንበሩ ጓድ ሁንዴ ብዕሩን አነሳ። "ተገቢ ጥያቄ ነው። መምህር ቀነዓ፣ ይብራራ!"

ብልህ ሰው "አዎ" ብሎ ይቀመጣል። እኔ ግን ልኬት ተምሬአለሁ። "ጥቂት ሆነው ከወጡ አይመለሱም" አልኩ።

"ያ ዋቅ! በሉ እኔን ከዋስነቱ ሰርዙኝ!"

"ጋሼ ባጫ፣ ስለ ኤሌክትሮን እኮ ነው!"

"እኔስ ስለ ማን አልኩ? አንተም የምትሄደው ብቻህን ነው።"

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ሁንዴ ግን አልሳቀም። "ብዙ ሆነው ቢወጡስ?"

"እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ብረቱም መልሶ ይስባቸዋል። ከፊሎቹ ይመለሳሉ።"

"ሳይንሱ ግልጽ ነው" አለ ጓድ ሁንዴ።

በሳምንቱ በእሱ የሚመራ አምስት ጓዶች ያሉት የልዑካን ቡድን ወደ ቤተ ሙከራው እንዲሄድ ተመረጠ። በጀቱ ለአምስት ብቻ ስለበቃ፣ ስድስተኛው እኔ ለጊዜው እንድቆይ ተወሰነ። ጓድ ሁንዴ በመሄጃው ዋዜማ ቤቴ መጥቶ፣ "ለመሆኑ ሌዘሩን በየት በኩል ነው የሚያዩት?" ሲል በትሕትና ጠየቀኝ።

ከወር በኋላ የጠሩኝ የቤተ ሙከራው ፕሮፌሰር ጻፉልኝ። እንግዶቹ ስለ ሌዘሩ ምንም አልጠየቁም፤ ወደ ምዕራብ በርሊን ስለሚያሻግረው ባቡር ግን ጥልቅ ጥያቄዎች አንሥተዋል። የእኔም ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ከአምስቱ የተመለሰ የለም። አቶ ባጫ አጥር ላይ ተደግፈው፣ "ብዙ ናቸው ብለን ነበር እኮ! ምን ነካቸው?" አሉኝ።

"ስሌቱ ልክ ነው፣ ጋሼ። ብረቱ ነው ያልሳባቸው።"

ግራ ቀኙን አዩ። "ዝም በል" አሉኝ፤ "ለዚህ ዋስ አላገኝልህም።"